«ፓተንት ያለው ነው» ሲሉሽ፣ ወረቀቱ ምን ይላል በይ



ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ስንጠጣ የተነሳውን ክርክር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዷ የፊት ክሬም ይዛ መጣች። ዋጋው 30 ዶላር ነው። «ኧረ ውድ ነው» ስንላት ካርቶኑን አዙራ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አሳየችን። «ይኸው፣ ፓተንት ያለው ይላል። መንግሥት ያረጋገጠው ነው» አለች። ሦስት ልጆች እዚያው ገዙ። አንዷ የከፈለችው ገንዘብ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ልትልከው ያስቀመጠችው ነበር።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ተብዬ ገዝቻለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ክሎር ውስጥ ሲነከር የሚውል እጅና በእንፋሎት የተበላሸ ፊት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ያድነኛል ብዬ ቀባሁት። ሳምንት ሳይሞላው ጉንጬ ተላጠ። ማዳም «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ አፍሬ «የምድጃው እሳት ነው» ብዬ ዋሸሁ። የሸጠችልኝን ልጅ አልወቅስም፤ እሷም የነገሯትን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ይህ «ፓተንት» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት ከክሬሙ አልፎ ስለ ደሞዛችንና ስለ ኮንትራታችን እንዳስብ አደረገኝ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገረው፦ እኛ ብዙ ጊዜ የምንጎዳው ወረቀት ላይ የተጻፈው በትክክል ምን እንደሚል ሳንጠይቅ ስለምናምን፣ የራሳችንንም ጉዳይ ስለማንጽፍ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

ፓተንት ምንድን ነው?

በአማርኛ «የፈጠራ ባለቤትነት መብት» ይሉታል። አንድ ሰው አዲስ ነገር ወይም አዲስ አሠራር ሲያገኝ መንግሥት እንዲህ ይለዋል፦ «ያገኘኸውን ሳትደብቅ ጽፈህ አስረክበኝ፣ ጽሑፉን ሁሉም ሰው ያየዋል። በምትኩ ለተወሰነ ዓመት ያለ አንተ ፈቃድ ማንም ሠርቶ እንዳይሸጠው መከልከል ትችላለህ።» ጊዜው በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት መጀመሪያ 15 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ 5 ዓመት ሊጨመር ይችላል። አንድ አገር የሰጠው ፓተንት የሚሠራውም እዚያው አገር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ፓተንት አጥር ነው በሉት። አጥሩ ሌላ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። ግቢው ውስጥ ያለው ቤት ጥሩ ይሁን አይሁን ግን አጥሩ አይነግርሽም። መብቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው «አዲስ ነው ወይ? ባለሙያ የሆነ ሁሉ በቀላሉ የሚደርስበት አይደለም ወይ? ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ክሬሙን ቀብቶ ያንቺ ፊት ይላጥ አይላጥ የሚያይ የለም። የመዋቢያ ዕቃ ለጤና ደህና መሆኑን መቆጣጠር የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

ይህን የምለው ስለሚያሰጋኝ ነው። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ በአማርኛ ባዜቃ የምንለው፣ ይገኝባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ነርቭንም እንደሚያውክ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ከአገር ወደ አገርም እንዳይሸጡ ወስኗል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ፈልጉ ብባል «ፓተንት» የሚለውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ፈልጉ እላለሁ። «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካለበት አትንኩት። ዝርዝር ጨርሶ የሌለው ከሆነም አትግዙት። ፊደሉን ማንበብ ካስቸገራችሁ ፎቶ አንስታችሁ በቡድናችን ዋትሳፕ ላኩት፣ የምታነብ አትጠፋም።

ጨው የሚለካው ድስቱ ውስጥ ነው ወይስ ምላስ ላይ?

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የፊት ክሬም ንጥረ ነገር የተነሳ ብዙ ዓመት የፈጀ ክስ አለ። ንጥረ ነገሩ አዴኖሲን ይባላል። ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም፤ በእኔም በአንቺም ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ነገር በተወሰነ መጠን ቆዳ ላይ መቀባት የቆዳን መጨማደድና ድርቀት ይቀንሳል ብለው አመለከቱ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ሁለት ፓተንቶች ተሰጡት። ልብ በሉ፣ የተሰጣቸው መብት በአዴኖሲን ላይ አይደለም፣ በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ፓተንት የመሥራት ፈቃድ የሰጠው ካርሜል ላብራቶሪስ ለሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ከአንድ የካቶሊክ ሃይማኖታዊ ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒቨርሲቲውና ይህ ትንሽ ድርጅት አንድ ላይ ሆነው ሎሬያልን ዴላዌር በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። ሎሬያልን የማታውቅ የለችም፤ የማዳሞቻችን መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራውን ስንጠርግ የምናነሳው ጠርሙስ ነው። ከሳሾቹ «እኛ መብት ያለንን አጠቃቀም ያለ ፈቃዳችን ክሬማችሁ ውስጥ ገባ» ነው የሚሉት። ሎሬያል አልተቀበለም።

ፍርድ ቤቱ ፊት ዋናው ጭቅጭቅ ምን ነበር መሰላችሁ? «ክሬሙ መጨማደድ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም» የሚል አልነበረም። ጭቅጭቁ በጥቂት ቃላት ላይ ነበር። ፓተንቱ ከቆዳው ላይኛ ሽፋን ሥር ላሉት ሴሎች «የሚደርሳቸው» የአዴኖሲን መጠን ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እስከ አሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ሞላር ነው የሚል አነጋገር አለው። ሞላር የኬሚስቶች መለኪያ ነው፣ እሱን ተዉት። ጥያቄው መጠኑ የሚለካው የት ላይ ነው የሚል ነው። ክሬሙ ገና ዕቃው ውስጥ ሳለ ነው? ወይስ በቆዳ ውስጥ ሰርጎ ከሥር ያሉት ሴሎች ጋ ሲደርስ?

እኛ በወጥ ብናስበው ይገባናል። «ጨው በልክ ይሁን» ብላ ማዳም ብትጽፍልሽ፣ ልኩ የሚታወቀው ድስቱ ውስጥ በጨመርሽው ማንኪያ ነው ወይስ እሷ ምላስ ላይ በሚሰማት? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ድስት ውስጥ የገባ ጨው ሁሉ ምላስ ላይ አይደርስም፤ ክሬም ውስጥ ያለ ነገርም ሁሉ ቆዳ ሥር አይደርስም። መለኪያው የት እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ማን አጥሩን እንደጣሰ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ቃላቱን በአንድ መንገድ ተረጎማቸውና በዚያው የተነሳ «የተጻፈው ግልጽ አይደለም» ብሎ መብቱን ውድቅ አደረገው። ከሳሾቹ ይግባኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ትርጉሙ እንዲያ አይደለም» ብሎ ውሳኔውን ሻረና ጉዳዩን ወደ ታች መለሰው። ክሱ ከተከፈተ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቃ፣ ሊቅ፣ ዳኛ፣ ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀምጠው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እነዚያ የተማሩት ሰዎች፣ ቋንቋው ቋንቋቸው ሆኖ፣ የአንድ መስመር ትርጉም አምስት ዓመት ካከራከራቸው፣ እኛ ማናችን ነን በዓረብኛ የተጻፈ ኮንትራት በሁለት ደቂቃ ፈርመን የምንወጣው?

እርድ የማን ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ ወጥ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ነው። እዚህ ኩርኩም የሚሉት፣ እኛ እርድ የምንለው። እኛ አልጫ እናደርግበታለን፣ እዚህ አገር ስፉፍ የሚባለውን ቢጫ ኬክ ይሠሩበታል፣ የህንድ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ፊታቸውንና ገላቸውን ይቀቡታል። ዛሬ ስንቱ የፊት ክሬምና ማስክ ውስጥ እንደሚገባ ሱፐርማርኬት የምትልኩ ታውቁታላችሁ። ህንድ ውስጥ ቁስል ላይ ማድረጉም ከጥንት የነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል «እርድን ቁስል ለማዳን መጠቀም» በሚል ፓተንት ተሰጠው። ቁጥሩ 5,401,504 ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱም ከህንድ ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ይህን ሲሰማ «ይህማ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው፣ ምኑ ነው አዲስ የሆነው?» ብሎ ተቃወመ።

እዚህ ላይ ነው የሚደንቀው። «አያቶቻችን ያውቁታል» ማለት ብቻውን አልበቃም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ አንድ ነገር በውጭ አገር ሰዎች ሲጠቀሙበት የኖረ መሆኑ ፓተንቱን አያፈርሰውም ነበር። ታትሞ የወጣ ጽሑፍ መኖር ነበረበት። ሚሊዮን እናት ሺህ ዓመት ስትቀባው ብትኖር፣ የተጻፈ ከሌለ እንዳልነበረ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህ ሕግ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ ነው።

ህንዶቹ ታዲያ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። መጻሕፍት አገላበጡ። በሳንስክሪት፣ በኡርዱ፣ በሂንዲ የተጻፉትን ጨምሮ 32 ማስረጃ አቀረቡ፤ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 በህንድ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ መረመረና በ1997 «አዲስ አይደለም» ብሎ ፓተንቱን ሰረዘው። ህንድ እዚያ ላይ አላቆመችም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የባህል መድኃኒት ዕውቀቷን ከድሮ መጻሕፍት እየለቀመች በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ እያስተረጎመች የፓተንት መርማሪዎች እንዲያዩት አንድ ትልቅ የዲጂታል መዝገብ አቋቋመች። አሁን አንድ ሰው «እርድ አገኘሁ» ብሎ ቢመጣ መርማሪው መዝገቡን ከፍቶ ያያል።

በእንዶድ ያጠቡት ሴቶች

«የእኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። የእኛም አለ። እንዶድን ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። ሳሙና ሳይመጣ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእሱ ነበር። አረፋው እጅ ላይ ሲደርቅ ያለው ጠረን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ እያጠኑ ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። እሳቸው ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ያንን ተከትለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመራመሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ዚብራ መስል በሚባል የውኃ ቱቦ በሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጥረት ላይ ለመጠቀም ፓተንት አወጣ። «የኢትዮጵያውያን ዕውቀት ለምን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መብት ይሆናል?» የሚል ክርክር በዓለም ተነሳ።

እኔ የዶክተሩን ሥራ አከብራለሁ፣ ትልቅ ሰው ነበሩ። ግን ሁልጊዜ የማስበው እነዚያን ልብስ አጣቢ ሴቶች ነው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከእነሱ እጅ ነው። ዛሬ ስማቸው ማን እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለም። ልክ እንደ እኛ፣ የሰው ልብስ ሲያጥቡ ውለው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ አበቃ።

ቆይቶ መንግሥታችን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕፅዋቱና በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። ጥሩ ነው። ሕግ መውጣቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ «ይህ የእኛ ነው፣ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ እናደርገው ነበር» ብሎ የሚያሳይ ያስፈልጋል።

«ለእኛ ምን አገባን?»

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ደሞዝ አጥተን አንቺ የሀብታም ክርክር ታወሪልናለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እኔም የምመጣው ወደዚያው ነው።

ሌላም የምትሉት አለ። «ፓተንት የሌባ መሣሪያ ነው፣ ይቅር» ያለች እህት ነበረች እሁድ ዕለት። በዚህ አልስማማም። ያ ትንሽ ድርጅት ፓተንት ባይኖረው ኖሮ ከሎሬያል ጋር ችሎት ፊት መቆም ቀርቶ ደብዳቤ የሚመልስለትም አያገኝም ነበር። ደካማው ጠንካራውን «ቁም» የሚልበት ወረቀት ሲኖረው ጥሩ ነው። የእርዱንም ክርክር ያሸነፉት ወረቀት ስላቀረቡ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን መጥላት ሳይሆን የእኛ እጅ ውስጥም እንዲገባ ማድረግ ነው የሚያዋጣን።

የራሴን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው የሠራሁበት ቤት የአራት ወር ደሞዝ ቀረብኝ። ጉዳዬን የሚሰማ ሰው ፊት ስቀርብ «አልከፈሉኝም» አልኩ። የቤቱ ባለቤት አንድ ወረቀት አወጣች፤ በዓረብኛ «ተቀብያለሁ» የሚል ነው፣ ሥሩ የእኔ ፊርማ አለበት። ያን ወረቀት የኢቃማ ነው ብለውኝ ነው የፈረምኩት። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ? ምን የተጻፈ አለሽ?» አለኝ። ምንም አልነበረኝም። ማርያም ምስክሬ ናት አልኩ። እሱ ደግሞ ወረቀት ነው የጠየቀኝ። አራት ወር ሠርቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እዚህ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ እንዳደረገ ታውቃላችሁ። ሌላው ሠራተኛ የሚከለልበት ሕግ እኛን አይከልልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ ኮንትራት አለ፣ ግን ስንቶቻችን ነን ያነበብነው? ሕግ ያላስታወሰው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የራሱን ጽሑፍ መያዝ አለበት። እነዚያ በእንዶድ ያጠቡት ሴቶች የሚጽፍላቸው አልነበረም። እኛ ግን ስልክ አለን፣ አብዛኞቻችን ማንበብ መጻፍ እንችላለን፣ የማትችል ካለችም አጠገቧ የምትችል አለች።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ቀኑን ጻፉ፦ ሥራ የጀመርኩበት፣ ደሞዝ የተቀበልኩበት፣ ስንት እንደተቀበልኩ፣ ያልተከፈለኝ ወር፣ ዕረፍት የተከለከልኩበት እሁድ። በዕለቱ ጻፉት፤ ከዓመት በኋላ ተሰብስቦ የሚጻፍ ማንም አያምነውም። በየወሩ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኗት እህት ላኩ። ደብተሩ ቢወሰድ ፎቶው ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ደብተር ሁልጊዜ ያሸንፋል አልላችሁም። ባዶ እጅ ከመቅረብ ግን በጣም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ያልተረጎሙላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «ኋላ እፈርማለሁ፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሳው» በሉ። መቆጣት አያስፈልግም፣ በለዘበ አፍ ይባላል። ማንሳት የማይቻል ከሆነና ግድ ከፈረማችሁ ደግሞ ማታውኑ ደብተራችሁ ላይ «ዛሬ በዚህ ቀን ያላነበብኩትን ወረቀት አስፈረሙኝ፣ የዚህ ነው አሉኝ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ያኔ ይህን ብጽፍ ኖሮ ቢያንስ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ የምትገዙት ክሬም ላይ «ፓተንት ያለው» ሲሉሽ «የምኑ ነው? የቀለሙ ነው፣ የዕቃው ክዳን ነው፣ የአሠራሩ ነው?» በይ። አንድ የክሬም ዕቃ አከፋፈቱም ፓተንት ሊኖረው ይችላል። የሸጠችሽ ልጅ ካላወቀች ገንዘብሽን ይዘሽ ሂጂ። በክሎር ለተጎዳ እጅ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በጥቂት ዶላር ይገኛል፣ ጓንት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጓንት ግዙልኝ ማለት ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ይህቺ የእኔ ምኞት ናት። በየወሩ ስንሰበሰብ አንዳችን ከእናቷ ወይም ከአያቷ የምታውቀውን እናስመዝግብ። የወሎ ልጆች ስለ ወይባ ጢስ፣ የሐረር ልጆች ስለ እንሶስላ፣ ሌላዋ ስለ ኮሰረት፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ፀጉር ላይ ስለሚደረገው ቅቤ። ከየት እንደተማረችው፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ለምን እንደሚጠቅም ተብሎ ትናገር፣ አንዷ ትጻፍ፣ ቀን ይደረግበት። ይረዳል ወይስ አይረዳም የሚለውን ሐኪሞች ይመርምሩት። የእኛ ሥራ እንደነበረ መጻፍ ነው። ይህች መጽሔታችን ትንሽ ናት፣ ግን ቀን ያላት የታተመች ጽሑፍ ናት። ህንዶቹን ያዳነቻቸው እንዲህ ያለች ጽሑፍ ናት።

ያቺ የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለች ልጅ ማክሰኞ ዕለት ደወለችልኝ። ካርቶኑን አልከፈተችውም ነበር፤ ሻጯ እህታችንም ሳታንገራግር ገንዘቧን መለሰችላት። ለዚህች እህታችን ምስጋና ይገባታል። እሷም ራሷ «እስኪ ውስጡ ያለውን አንብቢልኝ» ብላ የቀረውን ካርቶን ፎቶ ልካልኛለች። እያነበብነው ነው፣ ያገኘነውን በሚቀጥለው ወር እንነግራችኋለን።

የፊታችን እሁድ ስትመጡ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛችሁ ኑ። መግዣ ያጣች ካለች እኔ ጋ አምስት ትርፍ አለ።